ከአጥሩ ወዲህ የወደቀ ኮክ



ውድ አንባቢያን፣ ለመሆኑ በክረምት ስንት ኮክ ከዛፍ ሥር በስብሶ ሲቀር አይታችኋል? በየጓሮው ይረግፋል፤ ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ዝንብ ይወረዋል፣ በመጨረሻም በአካፋ ተዝቆ ይደፋል። በዚያው ግቢ ውስጥ ልጆች ለብስኩት መግዣ ስጡን እያሉ ያስቸግራሉ፤ አባትም ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣል። ጣፋጭ ማለት ከሱቅ ተጠቅልሎ የሚመጣ ነገር ብቻ ከመሰለን ቆየን። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ከዚያው ከወደቀው ኮክ በቤታችን ስለምንጋግረው ቀላል ጣፋጭና እርሱ ስላስተማረን የጉርብትና ነገር ነው። «መምህርን ስለ ድስት ምን አገባው?» የሚል ቢኖር፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር መናገራቸውን አስታውሰዋለሁ።

ኮክን ዐረቦች «ኸውኽ» ይሉታል፤ ከእኛው ስም ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አስተውሉ። በግብፅ ኸውኽ ያለ ሰው ኮክ ይቀርብለታል። በሶርያ ግን ኸውኽ ብሎ የጠየቀ የሚሰጠው ፕሪም ነው፤ የኮኩ ስም እዚያ «ዱራቅ» ነውና። የላቲን ስሙ ከፋርስ ጋር ቢያያይዘውም የመጀመሪያ አገሩ ቻይና ነው። ሱብሓነላህ! ይህን ሁሉ አገር ዞሮ ጓሯችን ድረስ የመጣን ሲሳይ ነው እንግዲህ በአካፋ የምንዝቀው።

የባለቤቴ እህት በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት ትኖራለች። ግዛቲቱ በኮክ ስለምትታወቅ በመኪና ሰሌዳዋ ላይ ሳይቀር የኮክ ሥዕል አለ። እዚያ «ኮብለር» የሚባለውን የኮክ ጣፋጭ አሠራር ድምፅዋን ቀድታ በስልክ ላከችልን። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ አገር የነበሩ ሰፋሪዎች ደህና የመጋገሪያ ምድጃ ስላልነበራቸው ፍሬውንና ሊጡን በብረት ድስት አድርገው፣ ከድነው፣ ከታችም ከክዳኑም ላይ ፍም አድርገው ያበስሉት ነበር። ይህን ስትሰሙ የእናቶቻችን ድፎ ዳቦ ትዝ አላላችሁም? ሊጡ ሲበስል ላዩ ጉብ ጉብ ስለሚል ብዙዎች ስሙን በድንጋይ ከተነጠፈ መንገድ ጋር ያያይዙታል። ኮብልስቶን ደግሞ ዛሬ በከተሞቻችን የማያውቀው የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 1 ኪሎ ያህል የበሰለ ኮክ ውሰዱ። በፈላ ውኃ ለግማሽ ደቂቃ ነክራችሁ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ስታዛውሩት ልጣጩ በጣት ይላቀቃል። የተበላሸውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ፍሬውን አውጡና ቀሪውን ክተፉት። ልጆች ፍሬውን ሰብረው ውስጡን እንዳይበሉ ተጠንቀቁ፤ በውስጡ ያለው ነገር ሆድ ሲገባ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ያመነጫል። የተከተፈውን ኮክ ከግማሽ ብርጭቆ ስኳርና ከጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጋር ለ5 ደቂቃ አንተክትኩት። በሌላ ዕቃ 1 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ቀላቅሉ፤ 1 ብርጭቆ ወተት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አማስሉት። ቀጠን ያለ ሊጥ ይሆናል።

ከዚያ በድስቱ ውስጥ 100 ግራም ያህል ለጋ ቅቤ አቅልጡ። ሊጡን በቅቤው ላይ፣ ኮኩን በሊጡ ላይ አፍስሱና ተዉት፤ አታማስሉት። ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ከሥር የነበረው ሊጥ እየተነፋ ወደ ላይ ይወጣና ኮኩን ያቅፈዋል። ኦቭን ያለው በ180 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ ያህል ያብስለው። የሌለው ጠፍጣፋ የብረት ክዳን ከድኖ ከታች ጥቂት፣ ከላይ ደግሞ የዚያን እጥፍ ፍም ያድርግ፤ የታችኛው ከበዛ ያራል። ላዩ ቡናማ ሲሆንና በመሐሉ የሰካችሁት ስንጥር ሊጥ ሳይዝ ሲወጣ በስሏል።

ስለ ማጣፈጫው አንድ ነገር ልበል። በአሜሪካ አሠራር ቫኒላ ይጨመርበታል። እዚያ አገር የሚሸጠው ፈሳሽ የቫኒላ ጭማቂ በሕጋቸው መሠረት ቢያንስ ከመቶ 35 እጁ አልኮል ነው። ቀረፋና ኮረሪማ በቤታችን እያሉ ይህን ፍለጋ መሄድ ለምን ያስፈልገናል? ኮረሪማው ለኮክ እንዴት እንደሚስማማው የቀመሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ኮኩ የእኛ አይደለም። የምንኖረው ደሴ ሲሆን ዛፉ የቆመው በአንዲት በዕድሜ የገፉ ክርስቲያን እናት ግቢ ውስጥ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ግን አጥሩን ተሻግረው ወደ እኛ አዘንብለዋል። ባለፈው ክረምት መግቢያ የሰፈሩ ልጆች ኮክ ለማውረድ ድንጋይ ሲወረውሩ የእኒህን እናት ያረጀ ቆርቆሮ ቀደዱት። ዝናቡ መኝታቸው ላይ ወረደ። ማን እንደወረወረ የተናገረ ልጅ አልነበረም። እርሳቸውም «ዛፉን አስቆርጬ እገላገላለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላምታው ቀዘቀዘ፣ ቡና መጠራራቱም ቀረ።

በመድረሳ ከተማርነው አንዱ፣ ቅርንጫፍ ወደ ጎረቤት ቢያዘነብልም ፍሬው የባለ ዛፉ ሐቅ መሆኑን ነው። በግቢያችን ስለወደቀ ብቻ የእኛ አይሆንም። ስለዚህ ልጄን «ሂጂና አስፈቅጂ» ብዬ ላክኋት። ያገኘችው መልስ መራራ ነበር። «ቆርቆሮዬ ሲወገር ያስፈቀደኝ የለም፤ ዛሬ ለወደቀ ኮክ ነው የምታስፈቅዱኝ? ውሰዱት!» አሏት። ልጅቱ ዕንባ ባቀረረ ዓይን ተመለሰች። ባለቤቴ ግን «ፈቃድ ፈቃድ ነው፤ እየተቆጡም ቢሆን ሰጥተውናል» ብላ ቅርጫቷን ይዛ ለቀማውን ጀመረች።

ሊጡን ልናማስል ስንል ያችው ልጅ «እማማ እኮ ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ቅቤና ወተት አይቀምሱም» አለች። ቀኑ ነሐሴ 3 ነበር፤ እውነቷን ነው። ለጾመኛ ቅቤ የነካው ምግብ ይዞ መሄድ ስጦታ አይባልም። እዚህ ላይ የጣፋጩ ቀላልነት ጠቀመን። ከመጀመሪያውም እንቁላል የለበትም፤ የወተቱን ቦታ ውኃና ከኮኩ የወጣው ጭማቂ፣ የቅቤውን ቦታ የምግብ ዘይት ይተካዋል። ባለቤቴ ቅቤ ያልነካው አዲስ ድስት አወጣች። ሁለት ድስት ጣድን፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእርሳቸው። ከቅዳሴ እስኪመለሱ ጠብቀንም ልጅቱን በዚያው በር መልሰን ላክናት።

እማማ መጀመሪያ የጠየቁት «ቅቤ አለበት?» ብለው ነው። «የለበትም፤ ወተትም የለበትም፤ ድስቱም አዲስ ነው» አለቻቸው። ጥቂት ዝም ብለው «መጾሜን ማን ነገራችሁ?» አሉ። «እኛ መቼ እናጣዋለን፣ እማማ» አለች ልጅቱ። ተቀበሏት። በማግሥቱ ምንም አልተሰማም፤ በሣልስቱም እንዲሁ። በሳምንቱ ሳህናችን ተመለሰ፤ የሽምብራ ቆሎ ሞልተውበት ነበር።

ነገሩ ሁሉ በአንድ ሳህን ጣፋጭ ተፈታ ብዬ ላጋንንባችሁ አልፈልግም። ኮክና ሊጥ የተቀደደ ቆርቆሮ አይደፍንም። የሰፈሩ አባወራዎች ገንዘብ አዋጥተን፣ ከመስከረም በፊት ቆርቆሮውን አስቀይረናል። ነገር ግን ያ ሳህን ባይሄድ ኖሮ ስለ ቆርቆሮው እርሳቸው ደጅ ቆሞ ለመነጋገር የሚያስችል አፍ አልነበረንም። ዛፉም አልተቆረጠም። ልጆቹ አሁን የሚያወርዱት በረጅም እንጨት፣ እማማ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እያዩ ነው፤ ቁጣቸው እንኳ ሙሉ በሙሉ አልቀረም!

ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተሰጥቶት እንደሆነ ደጋግመው መጠየቃቸው ተዘግቧል፤ ጂብሪል ስለ ጎረቤት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ያህል አደራ እንዳለ ሰምተው ነበርና። ለአቡ ዘር (ረ.ዐ.) የተሰጠው ምክርም መረቅ ሲሠራ ውኃውን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስብ ነው። ልብ በሉ! ውኃ አብዛ ነው የተባለው እንጂ ሥጋ ጨምር አልተባለም። የጎረቤት ሐቅ ሀብታም እስክንሆን የሚጠብቅ አይደለም ማለት ነው።

እናም ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ስትጋግሩ ልጆቻችሁን አብራችሁ አሳትፉ። አንዱ ይላጥ፣ አንዱ ያማስል፣ አንዱ ፍሙን ይጠብቅ፤ ቢስሚላህ ብለው ይጀምሩ። ከድስቱ ስታወጡ ግን የመጀመሪያውን ሳህን ለሚቀርባችሁና ለሚወዳችሁ ብቻ አታድርጉት። ሰላምታው ከቀዘቀዘበት በር ጀምሩ። ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላም አስቀድማችሁ እወቁለት፤ ከጣፋጩ ይበልጥ ልብ የሚነካው ይህ ነውና።

አላህ (ሱ.ወ.) ጸጋውን ከማባከን ይጠብቀን፤ የጎረቤትን ሐቅ ከሚወጡትም ያድርገን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።