የእማማ ጉልበት

ከግቢያችን አጥር ጀርባ አንዲት የጭቃ ምግብ ቤት አለች። በበሯ ላይ የተጻፈ ስም የለም፤ እኛ ግን «እማማ ቤት» እንላታለን። የካፌው ምግብ የሰለቸው፣ ከቤት የሚላክለት ብር የዘገየበት፣ ፈተና የወደቀ ተማሪ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። ሽሮዋ ይጣፍጣል፤ ከሽሮዋ ይልቅ የሚጣፍጠው ግን ዱቤዋ ነው። እማማ በደብተራቸው ላይ የሚጽፉት ስማችንን ሳይሆን ምልክታችንን ነው፦ «መነጽሩ»፣ «ረጅሙ»፣ «ዝምተኛው»። ይህን የምንጽፈው እነዚህ ሦስቱ ነን። አንዳችን ሕክምና፣ አንዳችን ምህንድስና፣ አንዳችን ደግሞ ምን እንደሚሠራበት ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ያልገባውን ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን። የምናድረው አንድ ዶርም ነው፤ የምንራበውም አንድ ላይ።

ነገሩ የተጀመረው ካለፈው ፋሲካ በኋላ ነው። እማማ ወደ ጓዳ የሚወስዱትን ሁለት ደረጃዎች ሲወጡ ግድግዳውን ይዘው፣ አንዱን እግራቸውን አስቀድመው ሌላውን እየጎተቱ እንደሆነ አየን። ሳህኑን አኖሩና ከአጠገባችን ዘፍ አሉ።

«ዘንድሮ ስቅለትን ሳልሰግድ ዋልኩ» አሉ። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ አንገቴን ብቻ ዝቅ ከፍ ሳደርግ ዋልኩ። እግዚአብሔር ያያል አሉኝ። ያያል፤ ግን እኔ አፈርኩ።»

ተማሪ መቼም ያወቀውን ሳያስተምር አያድርም፤ ያላወቀውንም። «እማማ፣ ክብደትዎ ነዋ!» አልናቸው፣ ሦስታችንም ባንድ አፍ። እማማ ወፍራም ናቸው። ባገራችን «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ማለት ምርቃት ነው፤ የኛ አነጋገር ግን ምርቃት አልነበረም። ረጅሙ፣ ማለት ምህንድስና የሚያጠናው ጓደኛችን፣ ጠረጴዛው ላይ ስቴኪኒ እየደረደረ ስለ ኃይልና ስለ ጫና ያስረዳ ጀመር። ሰው ሲራመድ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው የሰውነቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ የጭኑ ጡንቻ ሲሳብ ደግሞ ይጨምርበታል። ይህን ከራሱ አላመጣውም። አሜሪካ ውስጥ እነ ሜሲየር በፈረንጆች 2005 ባወጡት ጥናት፣ የጉልበት ሕመም ያለባቸው ወፍራም አረጋውያን አንድ ኪሎ በቀነሱ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀልላል። «አሥር ኪሎ ቢቀንሱ አርባ ኪሎ ጤፍ ከጉልበትዎ ላይ ወረደ ማለት ነው» ብሎ ደመደመ። መነጽሩ ደግሞ በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ ሽፋን እንደ ሚኒባስ ጎማ ተበልቶ እንደሚያልቅ ጨመረበት። ዝምተኛው ራሱን ነቀነቀ።

እማማ ስቴኪኒዎቹን አንድ ባንድ ለቅመው ወደ ብርጭቆው መለሱ። «ልጄ፣ ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ባፌ አይዞርም። ረቡዕና ዓርብ ሽሬ አላውቅም። ከዚህ ወዲያ ምን ልተው?» ቀጥለውም እጃቸውን ዘረጉልን። የጣቶቻቸው ጫፍ መገጣጠሚያዎች ጎበጥ ጎበጥ ብለው ጠጥረዋል። «ይሄስ? በእጄ ነው እንዴ የምሄደው?»

ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ጥያቄ መሆኑ አልገባንም፤ ቀልድ መስሎን ነበር። የበላነውን አስመዝግበን ወጣን። ከዚያን ቀን ወዲህ እማማ ስለ ጉልበታቸው አንድም ቃል ተናግረውን አያውቁም። ሳህኑን አስቀምጠው ይመለሳሉ፣ በቃ። ሌሎች ተማሪዎች ግን ቤቱን ለፑል ቤት ሊያከራዩት ነው የሚል ወሬ አመጡ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። መነጽሩ በዚያ ሰሞን አናቶሚ ይማር ነበርና አንድ ማታ ፎርማሊን ፎርማሊን እየሸተተ መጥቶ ራቱን ሳይቀምስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የዕለቱ ሥራቸው ጉልበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሽማግሌ ቆዳና አጥንት ብቻ የቀሩ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልካቸውን ጠግበው ያላደሩ ሰው ናቸው። ከሆዳቸው ቆዳ ሥር ስብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይሁንና የጉልበታቸውን ሎሚ ገልብጠው ወደ ታች ሲያጥፉት፣ ከጀርባው፣ ከጅማቱ ኋላ፣ እፍኝ የማይሞላ ቢጫ ስብ ተደላድሎ ተቀምጧል። «ትንሽ ትራስ ይመስላል» አለን። «ሌላው ሁሉ አልቆ እሱ ቀርቷል።»

በዚያ ሌሊት ስለዚህ ስብ ስናወራ አመሸን፤ በማግሥቱም ላይብረሪ ወረድን። ሰውነት ሲራብ የቆዳ ሥሩንም የሆዱንም ስብ አውጥቶ ይጨርሳል፤ ሰው እጅግ ቢከሳም ይህንን የጉልበት ስብ ግን ሳይነካ ያቆየዋል። ሰው ሲቸግረው ጎተራውን ያራቁታል እንጂ የቤቱን ምሰሶ አይማግድም፤ ይህ ስብ ከጎተራው ሳይሆን ከምሰሶው ወገን መሆኑ ነው። ተማሪው ሁሉ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ ፎቶግራፎች አይቷል። በእነዚያ እግሮች ላይ፣ ጉልበቱ ብቻ ጎልቶ በሚታይበት፣ ከሎሚው ጀርባ ያች ቢጫ ትራስ እንዳለች ማሰብ እንዴት ይከብዳል!

አልበርት ሆፋ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በፈረንጆች 1904 ይህ ስብ ራሱ ሊቆጣና ሊያብጥ፣ ሰውንም ሊያሰቃይ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ስሙም ስቡ ላይ ቀረ፤ «የሆፋ ስብ» ይባላል። የብዙው ሰው ዓይን ግን ካርቲሌጁ ላይ ተተክሎ ኖረ፤ የኛም ጭምር። ስለ ጎማው ያወራነው ለዚህ ነበር። ካርቲሌጅ ነርቭ እንደሌለው ስናነብ ደነገጥን። ነርቭ የሌለው ነገር እንዴት ሰውን ከስግደት ያስቀራል?

እዚህ ላይ አንድ ጉደኛ ሐኪም አለ። ስኮት ዳይ የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ማደንዘዣ ሳይገባ የገዛ ጉልበቱን አስከፍቶ፣ ባልደረባው በመሣሪያ ውስጡን እየነካካ እሱ የት ምን ያህል እንደሚያመው እየተናገረ አስመዘገበ። ጽሑፉ የወጣው በ1998 ነው። የሎሚው ካርቲሌጅ፣ የተጎዳው እንኳ ሳይቀር፣ ሲነካ ምንም አልተሰማውም። የፊተኛው ስስ ሽፋንና ይህ የስብ ትራስ ሲነኩ ግን ሕመሙ ብርቱ ነበር። እኛ ሦስታችን የደም ምርመራ መርፌ ስናይ ፊታችንን የምናዞር ሰዎች ስለሆንን ይህን ሰው ቆመን አጨበጨብንለት።

ቀጥሎ የእማማ እጅ መጣ። ወፍራም ሰዎችን የጣት መገጣጠሚያ ሕመምም ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚያጠቃቸው ተደጋግሞ ታይቷል። በእጁ የሚሄድ ሰው ደግሞ የለም። የጫናው ሒሳብ ጉልበት ላይ ቢሠራ ጣት ላይ ይፈርሳል። ያን ቀን የሳቅንበት ጥያቄ ሐኪሞችን ለብዙ ዓመት ያነጋገረ ጥያቄ ኖሯል! እማማ ምጣድ እያሰሱ የደረሱበትን እኛ ስቴኪኒ ደርድረን አላየነውም።

መልሱ፣ እስከሚታወቀው ድረስ፣ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት አለመሆኑ ነው። በ1994 ኒው ዮርክ ላይ እነ ጄፍሪ ፍሪድማን ሌፕቲን የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙ፤ ስብ ራሱ እየሠራ ወደ ደም የሚለቀው፣ ለአንጎል ወሬ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ስብን እንደ ዕጢ ማየት ተለመደ። ሲበዛ ደግሞ ይቆጣል፤ ብግነት የሚያባብሱ ሌሎች መልእክተኞችንም፣ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለውን ጨምሮ፣ ደም ውስጥ ይረጫል። ደም የማይደርስበት ጣት የለም። የጉልበቱ ትራስ ደግሞ በሩቅ አይደለም፤ እዚያው መገጣጠሚያው ውስጥ፣ ስስ ሽፋኑን ተጠግቶ ተቀምጦ፣ እነዚህኑ ነገሮች ለጎረቤቱ ያቀብላል።

ረጅሙን ያስረታው ግን የአይጦቹ ነገር ነው። ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እነ ኮሊንስና ጊላክ በ2021 ባሳተሙት ሥራ፣ ስብ እንዳይኖራቸው ተደርገው የተፈጠሩ አይጦች ነበሩ። ክብደታቸው ከሌሎቹ አይጦች ጋር ተመሳሳይ ነው። ጉልበታቸው ሲጎዳ ግን የነዚህኞቹ ካርቲሌጅ ከጉዳት ተረፈ። ጥቂት ስብ ከሌላ አይጥ ተወስዶ ሲተከልላቸው እነሱም እንደሌሎቹ ተጎጂ ሆኑ። ረጅሙ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ጫናው እኩል፣ ውጤቱ ሌላ» አለ፤ ከዚያም ደብተሩን ከድኖ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

አይጥ ሰው አይደለም፤ ይህንን አንስተንም። የሆፋ ስብም ፍርዱ አላለቀም። በምስል እየለኩ ካጠኑት መካከል ትልቅ ትራስ ያለው ሰው ጉልበቱ የተሻለ ሆኖ ያገኙት አሉ፤ ተቃራኒውን ያገኙም አሉ። ለኛ እንደሚመስለን ዋናው ነገር መጠኑ ሳይሆን መቆጣቱ ነው። የረጅሙም ሒሳብ ውሸት አልነበረም፤ ጫናው አለ። ብቻ ያንን ግማሹን ይዘን ሄደን እንደ ሙሉ ፍርድ አነበብነው። «ክብደትዎ ነው» ስንል እማማ የሰሙት «ጥፋቱ የራስዎ ነው» የሚለውን ነበር። እኛም፣ ሳንዋሽ፣ ያንን ነበር ያልነው።

ደግሞስ ምን ያህል ነበር የጠየቅናቸው? በፍራሚንግሃም ከተማ በተደረገው ክትትል፣ እነ ፌልሰን በ1992 እንዳሳተሙት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ኪሎ ያህል የቀነሱ ሴቶች ሕመም ያለበት የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የመያዝ ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ዝቅ ብሏል። አምስት ኪሎ፣ በአሥር ዓመት! እኛ በአንድ ሳህን ሽሮ ጊዜ ውስጥ አሥር አዘን ነበር። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አመጋገብን ከእንቅስቃሴ ጋር ያጣመሩ ሰዎች በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ሕመማቸው መቀነሱን፣ በደማቸው ያለው ኢንተርሉኪን 6ም ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። በ2024 ሴማግሉታይድ ስለሚባለው መርፌ የተነገረው ወሬም ዶርማችን ደርሷል፤ የጉልበትንም ሕመም አስታግሷል። የደብተሩ ዱቤ በሙሉ ቢሰበሰብ ግን እሱን የሚገዛ አይመስለንም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሄድን። አፍ የከፈተው ዝምተኛው ነው።

«እማማ፣ ያን ቀን የነገርንዎት ግማሹን ነበር።»

«ግማሹ እንዲህ ካደረገኝ ሌላው ይቅርብኝ» አሉ፤ ቢሆንም ተቀመጡ።

መነጽሩ ስለ ትራሱ፣ ስለ ጣታቸው፣ ስለ ስብ መልእክተኞች ነገራቸው። እማማ አላቋረጡትም። ሲጨርስ፦ «እንግዲያ ስቡ ተቀምጦ በላተኛ አይደለም፤ ሲሠራ ነው የሚውል» አሉ። ከላይ በአንድ ገጽ የጻፍነው ይኸው ነው። ቀጥለው ደግሞ፦ «ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ አይደለም?»

ተያየን። ይህ ጥያቄ ላይብረሪው ውስጥ አልነበረም። «አይደለም» አለ ረጅሙ፣ ከሁላችንም ቀድሞ።

ከዚያ ወዲያ ነው ያልጠየቅናቸውን የጠየቅናቸው፦ ቀን ሳይበሉ ውለው ማታ ምን ይበላሉ? ትንሽ አመነቱና፦ «ሳህን ላይ የተረፈውን ነዋ። እናንተ ነካ አድርጋችሁ የምትተዉትን። እንጀራ ይጣላል እንዴ?» አሉ። ቤቱን ከዘጉ በኋላ፣ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የኛን ትራፊ እያገላበጡ ነው የሚመገቡት። ያንን ከሰማን ወዲህ ከእማማ ቤት ሳህን ላይ ፍርፋሪ ተርፎ አያውቅም፤ የሌሎቹንም ጠረጴዛ እንቆጣጠራለን፣ በዚህም ተጠልተናል።

ሽንኩርት የሚልጡባትን ዝቅተኛ በርጩማ አንስተን ከዶርም ከፍ ያለ ወንበር አመጣን፤ ወንበሩ የማን እንደሆነ አትጠይቁን። ሐኪም ዘንድም አብረናቸው ሄድን፤ የታዘዘላቸው የሕመም ማስታገሻ፣ ቀስ ያለ የእግር ጉዞና የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ያነሳሉ፣ ትንሽ ያቆዩታል፣ ያወርዳሉ። የፑል ቤቱ ነገር ለጊዜው ቀርቷል። በሚቀጥለው ስቅለት ይሰግዱ እንደሆነ እኛም እሳቸውም አናውቅም።

እግራቸውን የሚያነሱት በምሳ ሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ እያየ ነው። ቁጥር ይጠፋብኛል ብለው ደብተሩን ጭናቸው ላይ ይዘረጉና በዱቤያችን ይቆጥራሉ፦ «መነጽሩ፣ የማክሰኞ ሽሮ»፤ እግር ወደ ላይ። «ረጅሙ፣ ሽሮና ሻይ»፤ እግር ወደ ታች። «ዝምተኛው...»