«ኢትዮጵያዊ ነኝ በይ»

«ነፃ ትምህርት የሚሰጠው ለድሃ አገር ልጅ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ በይ።» ይህን ምክር ላሊበላ ውስጥ አሜሪካ ለተወለደች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲሰጥ ሰማሁ። በሁለት ዓመቷ ከሜሪላንድ መጥታ አያቷ ዘንድ ያደገች ልጅ ናት። መካሪው አጎቷ፣ ቅጹን እንዳግዛት የተጠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። «ዜግነት» የሚለው ጋ ስንደርስ አያቷ ጥያቄው ራሱ ገረማቸው፦ «ልጄ፣ ላስታ ያደገች ምን ልትባል ኖሯል?»

የአጎትየው ምክር ለተንኮል አይደለም፤ ግን ይጎዳታል። አሜሪካ እንደ ዜጋ ካያት ቪዛ አያስፈልጋትም፤ ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ሞልታም ፔል ግራንትን፣ ማለትም የማይመለሰውን የፌዴራል ድጋፍ፣ መጠየቅ ትችላለች። ከዚህ በቪዛ የሚሄድ ጓደኛዋ ይህን አያገኝም። ፓስፖርት ብቻውን ደግሞ ሁሉን አይከፍትም። የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ የሚቀንሱት ለነዋሪ ስለሆነ፣ እዚያ የእናቷ ኖሮ ግብር መክፈል ከፓስፖርቱ ይበልጥ ሊጠቅማት ይችላል። እንግሊዝም በአብዛኛው ዜጋውን ጭምር «ሦስት ዓመት እዚህ ኖረሃል ወይ?» ብላ ነው ክፍያውን የምትወስነው።

ቅጹ «ጥምር ዜግነት» የሚል ምርጫም ነበረው። ልጅቱ ያንን መረጠች። እውነቷን ነው፤ ለጊዜው።

ለጊዜው ያልኩት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ምክንያት ነው። አንቀጽ 20 እንደሚለው፣ ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ፣ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝም ማለት ፈቃድ ሆነ ማለት ነው! ይህች ልጅ 18 የሞላት መስከረም ላይ ነው። ቀኑ እየሄደ ነው፤ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ይህን የነገራት ሰው የለም።

ምርጫ ነው ይባላል። ግን አንዱን ስትመርጥ የምታጣው የትምህርት ድጋፏን ነው፣ ሌላውን ስትመርጥ አገሯን። የ18 ዓመት ልጅ፣ ያውም ገንዘብ የሌላት፣ የትኛውን እንደምትይዝ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። እኔ በእሷ አልፈርድም። ቢያንስ በልጅነቱ ሁለቱንም ያገኘ ሰው፣ ፈልጎ ዜግነት ከቀየረ ጎልማሳ ጋር እኩል ሊታይ አይገባም ባይ ነኝ።

የሚቀርላት ቢጫ ካርድ ነው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ያለ ቪዛ ያስገባታል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራታል። ላሊበላ ተመልሳ ሆቴል ብትከፍት ማንም አይከለክላትም። የምርጫ ቀን ግን አያቷን እስከ ጣቢያው በር ሸኝታ ውጭ ትጠብቃለች።