አያት የምታውቀው ምልክት

ስለ ዓለም ዟሪ ሰው ሲወራ የሚነገረው ያየው አገርና የተሻገረው ባሕር ነው። ቤት ቀርቶ የሚጠብቀውን ብዙም የሚያነሣ የለም። እኔ ግን የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ቀድመው የሚታወሱኝ አያታቸው ናቸው።

ወርቅነህ የጎንደር ልጅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቁ ገና ክፉና ደጉን ያልለየ ሕፃን ነበር። በዚያ ትርምስ ከወገኖቹ ተለይቶ የቀረውን ልጅ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው። መኮንኑ ሲሞት ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል አስተማረው፤ ስሙም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፤ ስኮትላንድ ሄዶ ዕውቀቱን አዳበረ፤ በርማ ላይ በሐኪምነት አገለገለ። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ግን ከአፉ ጠፍቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ከመቅደላ የወጣ ሌላም ልጅ ነበር፤ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱበት። እሱም ሕንድን አይቷል፤ በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገብቷል። በ18 ዓመቱ፣ በኅዳር 1872 ዓ.ም.፣ ሊድስ ከተማ ላይ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። አጽሙ ላገሩ ይብቃ የሚለው ልመና በ2015 ዓ.ም. እንኳ ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እሺታ አላገኘም።

ወርቅነህ ግን ተመለሱ። ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ሳለ አያታቸው መጡ። ሠላሳ ዓመት ግድም ያለፈበት ፊት ምን ይናገራል? አሮጊቷ ከገላቸው ላይ የልጅነት ጠባሳቸውን ፈልገው አገኙ፤ የልጅ ልጄ ነው አሉ። ወርቅነህ እሸቴ የሚለው ስም የተመለሰው በዚያ ጠባሳ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አገር ያውቀዋል። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ። ዓለምን የዞሩት ሰው ስለ ዓለም ጂኦግራፊ በአማርኛ መጽሐፍ ጻፉ። ጣሊያን ሲወረን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስላገራቸው ተሟገቱ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን በ1929 ዓ.ም. ፋሺስት ገደለባቸው። በ1945 ዓ.ም. እዚሁ አገራቸው ላይ አረፉ።

ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ ነገር ላነብበው አልቻልሁም። የእናቴ ወገኖች ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዘዞ ወዲያ ያለችው የፀዳ ሰዎች ናቸው። የእናቴ ታናሽ ወንድም በደርግ ዘመን፣ ገና ጢም ሳያበቅል፣ በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። ያደገው በመንገድ ነው ማለት ይቻላል። መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ከየወደቡ ፖስታ ካርድ ይልክ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከጅዳ፣ አንድ ጊዜ ከናፖሊ፣ አንድ ጊዜ ከሮተርዳም። እኛ ልጆቹ ቴምብሩን እየላጥን በእሱ ጂኦግራፊ ተማርን። ቀልደኛ ነበር፤ የባሕሩን ማዕበል ሲገልጸው እንደ ቡሄ ጅራፍ ጨዋታ ያደርገው ነበር። ከዚያ ፖስታው ቀረ።

አያቴ አንድ ቀን እንኳ «ሞቷል» አላለችም። ፎቶግራፉን ግን አታምነውም ነበር።

«በመልክ እንዳትፈልጉት» ትለን ነበር። «ጸጉሩ ይሸሻል፣ ይወፍራል፣ ቋንቋም ይለውጣል። ግራ ክርኑን እዩ። ምጣድ ያቃጠለው ምልክት አለ፤ እኔ ነኝ ቅቤ የቀባሁት።»

የልጅ ልጆቿን አንድ በአንድ እየጠራች ይህንኑ አስጠናችን። ያኔ እንደ አሮጊት ወግ እንቆጥረው ነበር። ዛሬ ሳስበው ቤት የቀረ ሰው ሥራ ይኸው ይመስለኛል። የሄደው ራሱን ቢረሳ እንኳ የሚያስታውስለት ያስፈልገዋል። ዓለማየሁ ያጣው፣ ወርቅነህ ያገኙት ይህንን ነው።

አያቴ ካረፈች ቆይታለች። ምልክቱን ከእሷ አፍ የሰማን ሦስት ቀርተናል። ለልጆቻችንም ነግረናቸዋል፤ ግራ ክርን፣ የምጣድ ጠባሳ።