ከፎቶው ዳር የቀረችው እናቴ

መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ የቤተሰብ ፎቶ ተሰቅሏል። በ1978 ዓ.ም. በጥምቀት ማግስት፣ ወገራ ውስጥ እናቴ ደጃፍ ላይ የተነሳ ነው። ወንድሞቼና እህቴ አሉበት፣ ጎረቤቶች አሉበት፣ የጎረቤት ውሻ እንኳን አለበት። በግራ ጫፍ ደግሞ ጉልበት ላይ ያረፈ አንድ እጅና የነጠላ ጥለት ይታያል። ያ እጅ የእናቴ ነው። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

በቅርቡ አዲስ አበባ የሚማረው የልጅ ልጄ ለክረምት ጎንደር ሲመጣ የታላቅ ወንድሜን ካሜራ ከሳጥን ውስጥ አገኘው። “እማማ፣ ይሄ እኮ ይሠራል! የላይኛው ማያው ግን ሻግቷል። ሌላ ልፈልግልሽ?” አለኝ። እኔ ደግሞ ያንን ማያ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ምናልባት ቤታችሁ ሳጥን ውስጥም እንዲህ ያለ ካሜራ ተኝቶ ይሆናል።

ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት አንዱ ነበር። ሲመለስ ያመጣው ካሜራ ዞርኪ 4 ይባላል። በሞስኮ አቅራቢያ ክራስኖጎርስክ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1973 ሲሠራ የኖረ ነው። ስሙ በሩሲያኛ “ዓይነ ስል” ማለት ነው። በመስኮቱ ስታዩ መሃል ላይ ሁለት ምስል ይታያችኋል፤ ሌንሱን እያዞራችሁ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ርቀቱ ተስተካከለ ማለት ነው።

የካሜራው የራሱ መስኮት ግን የተሠራው ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ወንድሜ ጁፒተር 12 የሚባል ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስም ነበረው። ይህኛው ሰፋ አድርጎ ያነሳል። ፋሲል ግቢን ቆመው ሳይርቁ ለማንሳት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥም ጣራው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች በብዛት ለማስገባት እሱ ይሻላል። ታዲያ ሌንሱ የሚያነሳውን ስፋት የካሜራው መስኮት ስለማያሳይ፣ አናቱ ላይ ባለችው ማስገቢያ ሌላ ማያ ይሰካል። የወንድሜ ማያ ተሽከርካሪ ነበር፤ ፊቱ ላይ አምስት ትንንሽ መስታወቶች አሉት፣ 28፣ 35፣ 50፣ 85 እና 135 የሚል ተጽፎባቸዋል። የምትፈልጉትን ቁጥር አዙሮ ማምጣት ነው።

በዚያ ሳምንት ወንድሜ ጎንደር ከተማ ውስጥ ግንቡን በ35ቱ ሲያነሳ ዋለ። ማታ 50ውን ሌንስ መልሶ ገጠመ። ማያውን ግን አላዞረውም፤ 35 ላይ እንዳለ ቀረ። በማግስቱ ወገራ ስንደርስ ካሜራውን ሰጠኝና “ብዙ ሰው ሲሆን በላይኛው እይ” አለኝ። እኔም በላይኛው አየሁ። ሁሉም አለ። እናቴም በልማዷ ለሌላው ቦታ ለቅቃ ዳር ላይ ቁጢጥ ብላ ተቀምጣ አየኋት። ደስ ብሎኝ ተጫንኩት።

ያኔ ነርስ ከሆንኩ ጥቂት ዓመቴ ነበር። ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት እያልን ተምረናል። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከመደርደሪያ ሳነሳ፣ ስቀዳ፣ መልሼ ሳስቀምጥ ሦስት ጊዜ አነባለሁ። ያን ቀን ግን ሌንሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንድ ጊዜ እንኳን አላነበብኩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን መልሼ ልለቅመው አልቻልኩም። ፊልሙ ታጥቦ ከመምጣቱ በፊት ወደ ሥራ ቦታዬ ተመለስኩ፤ እናቴም ሁለት ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ሌላ ፎቶ የላትም።

የልጅ ልጄ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ቆይቶ ጠመኔ አመጣና “እስቲ ምን ያህል እንደሳትሽ እንለካው” አለኝ። ነገሩ የቀላል ሒሳብ ነው። የፊልሙ አንድ ምስል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። 36ን ለሌንሱ ቁጥር አካፍላችሁ በርቀቱ ስታባዙት፣ ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚገባ ታገኛላችሁ። 3 ሜትር ላይ ቆሞ በ35 ሌንስ 3 ሜትር ከ9 ሳንቲሜትር ገደማ ይገባል። በ50 ሌንስ ግን 2 ሜትር ከ16 ብቻ። ልዩነቱ ለሁለት ሲከፈል በግራም በቀኝም 46 ሳንቲሜትር ያህል ይቀራል። ልጁ ግቢያችን ግድግዳ ላይ አሰመረውና በመስመሮቹ መካከል ቆመ። ልክ የአንድ ሰው ትከሻ ነው። እናቴ የቀረችው በዚያች ትከሻ ታህል ስፋት ነው።

ከዚያ በኋላ ማያ ወደ መምረጡ ገባን። የመጀመሪያው ምርጫ እንደ ወንድሜ ያለ ተሽከርካሪ ነው። መልካምነቱ አንድ ዕቃ ለአምስት ሌንስ መሆኑ ነው። ክፋቱንም ነገርኳችሁ፤ ቁጥሩን ካላያችሁ ይዋሻችኋል። ደግሞም በጨለማ ዋሻ ውስጥ እንደማየት ነው፤ ዓይን ማስጠጊያው ጠባብ ስለሆነ መነጽር ለምናደርግ ሰዎች ጠርዙ ሁሉ አይታየንም።

ሁለተኛው ያለ ማያ መሥራት ነው፤ በካሜራው መስኮት እያዩ፣ ሌንሱ ከዚህ ይሰፋል ብሎ መገመት። ይህ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ግምት የበላብኝን አውቀዋለሁ።

ሦስተኛው ለ35 ሚሊ ሜትር ብቻ የተሠራ፣ ምንም የማይዞር ማያ ነው። ውስጡ ነጭ የሚያበራ መስመር ይታያል፤ ፎቶው ውስጥ የሚገባው ከመስመሩ ውስጥ ያለው ነው። ከመስመሩ ውጭ ያለውም ግን ይታያል። “ማን ውጭ እንደቀረ ያሳያል” አለኝ ልጁ፣ እንደ ዋዛ። እኔ ግን የመረጥኩት በዚያች ቃል ነው። 50ውን ሌንስ ለእሱ ሰጠሁትና 35ቱን ካሜራው ላይ እንዲኖር አደረግን። አንድ ሌንስ፣ አንድ ማያ። በዚህ ዕድሜ የሚረሳ ነገር መቀነስ ጥሩ ነው።

ያገለገለ ማያ ለምትገዙ ጥቂት ልጨምር። ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። ዕቃችሁንም በክረምት እርጥበት ባለበት ሳጥን ውስጥ አትዝጉበት፤ የወንድሜን ማያ የበላው እሱ ነው። ማስገቢያዋ ላይ ላላ ካለ ቀጭን ወረቀት አጥፋችሁ ሥሩ አድርጉ፤ ከተንጋደደ ፎቶውም በሌላ በኩል ይገባል። መነጽር ካላችሁ ጠርዙ ብረት ያልሆነውን ምረጡ፣ መስታወታችሁን ይጭረዋል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ማያው ከሌንሱ ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ሰው ሲቀርብ ሌንሱ የሚያየው ዝቅ ያለውን ነው። ስለዚህ ከራሱ በላይ ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ፤ አለበለዚያ አናቱን ትቆርጡታላችሁ።

ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ስልክ የሚያሳያችሁን ያንኑ ያነሳል። ልጆቻችሁ ስልክ ሲጠፋባቸው ስንት ፎቶ አብሮ እንደጠፋ ግን ጠይቋቸው። የኔ ቤት ፎቶ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ጉድለቱም ጭምር እንዳለ አለ።

ማያው በመጣ በሳምንቱ ታላቅ እህቴን ለመጠየቅ ወደ ልጇ ቤት ሄድን። ሰማንያ አልፏታል። በ1978ቱ ፎቶ ላይ ከመሃል ቆማ የምትስቀው እሷ ናት። ዛሬ መልኳ ሁሉ እናቴን ሆኗል። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ሲሰበሰቡ እሷ በርጩማዋን ይዛ ወደ ዳር ሄደች። “እኔ እዚህ ይበቃኛል፣ ልጆቹ ይታዩ” አለች።

በማያው ሳያት ከነጩ መስመር ውጭ ነበረች። ግማሽ ፊቷ፣ ነጠላዋ፣ ጉልበቷ ላይ ያረፈ እጇ። ካሜራውን ከዓይኔ አወረድኩ።

“እቴቴ፣ መሃል ግቢ” አልኳት።

“ኧረ ተይኝ እዚህ ደህና ነኝ።”

“አይሆንም። አንቺ ሳትገቢ አላነሳም።”

የልጅ ልጄ በርጩማዋን ተሸክሞ፣ እሷን ደግፎ መሃል አስቀመጣት። ሌንሱ ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩ፤ ከማያው ቁጥር ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ሳነብ እህቴ “ምን ትጠብቂያለሽ፣ እግሬ ደነዘዘ እኮ!” ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ ተጫንኩት።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ገና አልታጠበም። ሲመጣ የምሰቅለው ከእናቴ እጅ አጠገብ ነው።