ትርፍ ጎማ የሌለው መንገደኛ

ቀድሞ በበቅሎ ይጓዝ የነበረ ሰው ከደጁ ሳይወጣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁና ስለ ዕቃው ነበር። በሶው ተሰናድቶ፣ ኮርቻውና እርካቡ ተፈትሾ፣ ለሚበጠሰውም ጠፍር ምትክ ጠፍር ካልተያዘ በቀር ሩቅ መንገድ አይጀመርም ነበር። በልማድ እስኮርታ የምንለው የመኪና ትርፍ ጎማም የዚያ የምትኩ ጠፍር ወንድም ነው።

የአየር ጎማ ምቾትንም መበሳትንም ባንድነት ይዞ የመጣ ነገር ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1888 ዓ.ም. በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት የአየር ጎማ ከሠራ በኋላ ይኸው ጎማ ወደ መኪና ተሸጋገረ። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ግን ትርፍ ጎማ አልነበራቸውም፤ ጎማ የተበሳበት ነጂ ከመንገድ ዳር ተንበርክኮ ጎማውን ከቸርኬው ያላቅቅና ካላማዳሪውን ይጠግን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ዓ.ም. በዌልስ አገር፣ ላኔሊ በምትባል ከተማ፣ ዴቪስ የተባሉ ወንድማማቾች ለዚህ ችግር የሚሆን ትርፍ እግር ሠርተው አወጡ። ስሙንም በከተማቸው በሚገኘው በስቴፕኒ መንገድ ስለ ጠሩት፣ በሕንድ አገር እስከ ዛሬ ትርፍ ጎማ ስቴፕኒ ይባላል። የእኛ እስኮርታ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው።

ትርፍ ጎማ እንዲህ ለብዙ ዘመን ከመኪና ሳይለይ ከኖረ በኋላ፣ ዛሬ ክብደት ለመቀነስና ቦታ ለማትረፍ ሲባል ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች፣ ይልቁንም በኤሌክትሪክ የሚሠሩት፣ ያለ እርሱ ይሸጣሉ። በምትኩ የሚሰጠው አንዲት ትንሽ የአየር መንፊያና የመድፈኛ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ ነው። ይህ ለከተማ መንገድ ይበቃ ይሆናል። ለሀገራችን ገደልና በረሓ ግን መብቃት አለመብቃቱን እኔ የተረዳሁት በዓባይ በረሓ ነው።

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ይኖሩ የነበሩት የእናቴ ታላቅ እኅት በጠና መታመማቸው ተሰማና፣ እናቴን ይዘን እኔና ታናሽ ወንድሜ በማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሣን። እናቴ በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። «በሕይወት ልድረስባት እንጂ ሌላ አልሻም» ከማለት በቀር በመንገድ ላይ ብዙ አልተናገሩም። መኪናዋን ከገዛኋት አምስት ወር ቢሆነኝም፣ የዕቃ መጫኛዋን ወለል አንሥቼ ከሥሩ ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም ነበር።

ፍቼን አልፈን ገብረ ጉራቻ ስንቃረብ መኪናዋ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። ወርደን ብናይ የፊተኛው ቀኝ ጎማ ላልቷል። ያን ጊዜ ወለሉን ባነሣው፣ ጎማ በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ስፍራ ከመንፊያዋና ከጠርሙሱ በቀር ምንም አልነበረም፤ ክሪክም የለም፤ የብሎን መፍቻም የለም። ወንድሜ ግን ከእኔ ይልቅ አርቆ አሳቢ ነበርና ከጎሚስታ ቤት የገዛውን የመድፈኛ ዕቃ በቦርሳው ይዞ ኖሯል። መሪውን ብናዞረው ሚስማሩ ከጎማው ፊት ላይ ታየ። ሚስማሩን በፒንሳ ነቀለ፤ ቀዳዳውን ወስፌ በሚመስል ብረት አጸዳ፤ ሙጫ የጠጣውን የጎማ ክር በእጀታ ባለው መርፌ አድርጎ ወደ ውስጥ ገፋና መርፌውን መልሶ ሳበ። ከውጭ የቀረውን ክር ቆርጦ በመንፊያዋ አየር ሞላ፤ ጥቂት የሳሙና ውሃ ቢያፈስበትም አረፋ አልወጣም። ሥራው ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እኔም በልቤ «ታዲያ ትርፍ ጎማ ለምን ያስፈልጋል?» እስከ ማለት ደረስሁ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርድና፣ ወንዙን ተሻግሮ እንደ ገና ያንኑ ያህል ይወጣል። በጎሐ ጽዮን ጋቢውን የተከናነበ መንገደኛ ከድልድዩ ሲደርስ ላቡን ይጠርጋል። መሬቱ የሚንሸራተት ስለ ሆነ አስፋልቱ በየስፍራው ተጨማድዷል፤ ከባድ የጭነት መኪናዎችም በዳገቱ እየጋሉ ይቆማሉ። መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል። መኪናው ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ ድንጋዩ እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል።

ጃፓን በሰጠችው እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን እንደ ተያያዝነው፣ ከአንድ መታጠፊያ ላይ የጭነት መኪና ቁልቁል መጣብን። ጥግ ስይዝለት የኋላው ቀኝ ጎማ እንዲህ ካለው ስለታም ድንጋይ ጋራ ተጋጨና እንደ ጥይት ጮኸ። ወርደን ስናየው የተቀደደው የጎማው ጎን ነበር፤ ስንጥቁም አውራ ጣት ያህላል። ያን የጠርሙስ ፈሳሽ ብንጨምርበት ነጭ አረፋ ሆኖ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ፈሳሹም ክሩም የሚረዱት ከ6 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ፣ በጎማው ፊት ላይ ለሚገኝ ቀዳዳ ነው። የጎማው ጎን ግን መኪናው በተራመደ ቁጥር ይለመጣልና ድፍን አይይዝም።

ቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። እናቴን ከአንዲት የግራር ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። ውሃችን ሞቆ ነበር፤ ስልክም ስንሞክር አልሠራልንም። እናቴ አንድ ጊዜ ፀሐዩን፣ አንድ ጊዜም ዳገቱን እያዩ ዝም አሉ። እኔም ከሚስማሩ ይልቅ ያ ዝምታቸው ወጋኝ።

መጀመሪያ የቆመልን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ክሪኩ ለከባድ መኪና የተሠራ በመሆኑ ከመኪናችን ሥር አልገባ ቢለው፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን አፈር በብረት ቆፍሮ አስገባው። ረዳቱም ድንጋይ አምጥቶ የቀሩትን ጎማዎች ደገፈ። ለብሎናችን የሚሆን መፍቻ የተገኘው ኋላ ከደረሰ ሚኒባስ ነው። ወንድሜ የተፈታውን ጎማ ይዞ በዚያው ሚኒባስ ወደ ደጀን ወጣ። ሾፌሩ ክሪኩ ከመኪናችን ሥር እስካለ ድረስ መሄድ አልቻለምና፣ ጭነቱን አቁሞ ከእኛ ጋራ ቆየ፤ ከጀሪካኑም ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቶ «እማማ ይጠጡ» አላቸው።

ወንድሜ የተመለሰው ወደ ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጎሚስታው ስንጥቁን ከውስጥ በወፍራም ጎማ ለጥፎ ካላማዳሪ አግብቶበት ነበር፤ አየር ሲሞላ ግን መብራት ስለ ጠፋ ጎማው በግማሹ ቀረ። የቀረውን ያች የናቅኋት ትንሽ መንፊያ ከመኪናዋ ኀይል እየወሰደች ሞላችው። ለሾፌሩ ገንዘብ ብዘረጋለት «ነገ እኔም እቆማለሁ፤ ያን ጊዜ ሰው ይቁምልኝ» ብሎ እጄን መለሰው።

ልንነሣ ስንል እናቴ አልገባ አሉ። «ድንጋዮቹስ?» ሲሉ ጠየቁ። ወንድሜና ረዳቱ ጎማዎቹን ደግፈው የነበሩትን አንድ በአንድ ለቅመው ከመንገዱ አራቋቸው፤ እኔም ወደ ኋላ ሄጄ ጎማችንን የቀደደውን ድንጋይ አነሣሁ።

ጎሚስታው በዝግታ እንድንሄድ አስጠንቅቆ ስለ ነበረ ደብረ ማርቆስ የገባነው ከመሸ በኋላ ነው። የእናቴ እኅት ነቅተው ይጠብቁ ነበርና እጃቸውን ዘርግተው «መጣሽ?» አሉ። እናቴም ከአጠገባቸው ተቀምጠው ሌሊቱን አነጉ። በማግሥቱ የመጀመሪያ ሥራዬ ያን የተለጠፈ ጎማ በአዲስ መለወጥ ሆነ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። እንግዲህ መኪና ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ዛሬ በደጃችሁ ቆማችሁ የዕቃ መጫኛውን ወለል አንሡ። ትርፍ ጎማ ከሌለ፣ ለሩቅ መንገድ ልኩ የሆነ አንድ ጎማ ከነቸርኬው፣ ለመኪናችሁ የሚሆን ክሪክና የብሎን መፍቻ ያዙ። ጠርሙሱ ካለም ጊዜው አለማለፉን ተመልከቱ። ፈሳሹን የተጠቀመ ሰው በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ይንዳ፤ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደም በኋላ ቆሞ አየሩን ይለካ፤ በክር የተደፈነውንም ሳይዘገይ ለጎሚስታ ያሳይ። በክሪክ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላም መንገድ መንገድ ነውና አንድ ቀን የሰው እጅ ያሻል። የተረዳም ሰው፣ ከሁሉ በፊት፣ የተደገፈበትን ድንጋይ ከመንገድ ሳያነሣ አይሂድ።