ከበር የተመለስኩበት ቀን

ትልቁ ልጄ 15 ወር የሞላው በጥር 2012 ዓ.ም. ነበር። የክትባት ካርዱን ይዤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ግንባሩን ብዳስሰው ሞቅ አለኝ፤ አፍንጫውም ይፈስ ነበር። «ጉንፋን ይዞት እንዴት መርፌ ይወጋል?» ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ተመለስኩ። ሲሻለው እወስደዋለሁ እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ካርዱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ቀረ።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. ሰፈራችን ኩፍኝ ገባ። ልጄ በ9 ወሩ የመጀመሪያውን ክትባት ስለ ወሰደ ብዙም አልሰጋሁም። ነገር ግን አንድ ሌሊት አተኮሰው፤ ዐይኑ ቀላ፤ ያስለው ጀመር። በአራተኛው ቀን ሽፍታው ከጆሮው ጀርባ ተነሥቶ ፊቱን ሸፈነው። ይበልጥ ያስጨነቀችኝ ግን የ7 ወር እኅቱ ነበረች። ሁለቱንም ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩና «እባክሽ ሲስተር፣ ለሕፃኗ ክትባቱን ስጪልኝ» ስል ለመንኳት።

ሲስተሯ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ሕፃን ከእናቱ የሚያገኘው የመከላከል ኃይል ለጥቂት ወራት በደሙ ስለሚቆይ ክትባቱ ቀደም ብሎ ቢሰጥ በደንብ አይሠራም፤ ስለዚህ በአገራችን በ9 ወር ይጀመራል። ወረርሽኝ ሲበረታ ከ6 ወር ጀምሮ እንዲሰጥ የሚወሰንበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜም ቢሆን የ9 ወሩና የ15 ወሩ አይቀርም።

ቀጥላ የልጁን ካርድ አየችና «የ15 ወሩስ?» አለችኝ። ምክንያቴን ነገርኳት። «የኔ እኅት፣ ቀላል ጉንፋንና ትኩሳት ክትባት አይከለክልም። ይህንን ባለሙያ ይወስን እንጂ እናት በር ላይ ሆና አትወስንም። በ9 ወር ከሚከተቡ 100 ልጆች 15 ያህሉ በቂ መከላከያ አያገኙም፤ ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ለዚሁ ነው። ዕድሜዋ ላልደረሰ ሕፃን ጋሻዋ የተከተበ ወንድሟ ነው» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ከአሥር ቀን በኋላ ሕፃኗም አተኮሳት። ጎረቤታችን እማማ ከልባቸው አዝነው «በጋቢ ጠቅልያት፤ መስኮቱን ዝጊ፤ ኩፍኝ መርፌ አይወድም» አሉኝ። እኔ ግን የተነገረኝን ያዝኩ። ልብሷን አሳሳሁላት፤ ቶሎ ቶሎ አጠባኋት። የፓራሲታሞል ሽሮፑን በክብደቷ በታዘዘላት ልክ እየለካሁ በየ6 ሰዓቱ ሰጠኋት። አስፕሪን ለልጅ እንደማይሰጥም ተነግሮኝ ነበር።

ትኩሳቱ ሲበርድላት ዳነች ብዬ ልዘናጋ ነበር። ይሁን እንጂ ሲስተሯ «ትኩሳቱን ብቻ ሳይሆን ልጅቷን ተመልከቺ» ብላኛለች። ጡት እምቢ ካለች፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሳት፣ ካንቀጠቀጣት፣ ከፈዘዘች ወይም አተነፋፈሷ ከፈጠነ ሌሊትም ቢሆን ማምጣት አለብኝ። በሦስተኛው ሌሊት ደረቷ ቶሎ ቶሎ ሲነሣና ሲወድቅ አየሁ። ሰዓት ይዤ ብቆጥር በደቂቃ 60 ሆነ፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ የአደጋ ምልክት ነው። ከባለቤቴ ጋር እየጸለይን ነበር፤ ጸሎታችንን አላቋረጥንም፤ ባጃጅ ውስጥ ሆነን ቀጠልነው።

የሳንባ ምች ነበር። መድኃኒት ተጀመረላት፤ በሁለት ተከታታይ ቀናትም ቫይታሚን ኤ ተሰጣት። ቀስ በቀስ ጡቷን እንደ ልማዷ መጥባት ጀመረች፤ ወንድሟም ዳነ። ጌታ ይመስገን፤ ሁለቱም ተረፉልኝ። ቢሆንም ያቺ የጥር ቀን ከኅሊናዬ አልጠፋችም።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከ9 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት በአገር አቀፍ ዘመቻ የኩፍኝ ክትባት ሲሰጥ፣ ቀድሞ የተከተበውም የታመመውም ይምጣ ስለ ተባለ ሁለቱንም ይዤ በማለዳ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበረች ወጣት እናት የልጇን አፍንጫ ጠረገችና «ጉንፋን ይዞታል፤ ሌላ ቀን ይሻላል» ብላ ከሰልፉ ልትወጣ ስትል እጇን ያዝኳት።

«የኔ እኅት፣ ከመመለስሽ በፊት ሲስተሯን ጠይቂያት» አልኳት። እርሷም ጠየቀች። ልጇም ተከተበ።