ከበሮ የተሸከመው ቃል

ከሀቢቾና ከሆሳዕና ተነሥቶ በሀላባ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ፥ ከጃማይካ መጥተው በዚያ የሰፈሩትን ሰዎች ጠጕራቸውን አይቶ፥ የከበሮአቸውን ድምፅ ሰምቶ ያልፋል። የሚዘፍኑትን ቃል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝናል፤ ከዚያ ቃል አንዱ በመጀመሪያ የተነገረው በአማርኛ ነበረና።

በጃማይካ ሬጌ የሚባለውን ዜማ በሸክላ የሚያትሙ ሰዎች፥ የዘፋኙን ድምፅ አውጥተው ከበሮውንና የሚያጕረመርመውን የቤዝ ጊታር ብቻ ያስቀሩበትን ሥራ ዱብ ይሉታል። ባለቅኔዎችም በዚያ ባዶ ስፍራ ገብተው የድኻውን በደል በግጥም መናገር ጀመሩ፤ ሥራቸውም የዱብ ግጥም ተባለ። በቅኔ ማሕሌት ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ከበሮና መቋሚያ ቃሉን ሊሸከሙ እንጂ ሊሸፍኑ አልተሠሩም።

ጥር 10 ቀን 1973 ዓ.ም.፥ እንደ እኛ አቈጣጠር በከተራ ዕለት መሆኑ ነው፥ በሎንዶን ኒው ክሮስ በሚባለው ሰፈር በልደት ግብዣ ላይ እሳት ተነሥቶ 13 ጥቁር ወጣቶች ሞቱ። የመንግሥቱ ሹማምንት የኀዘን ቃል ለመላክ ቢዘገዩ፥ በልጅነቱ ከጃማይካ ወደዚያ የሄደው ሊንተን ክዌሲ ጆንሰን በግጥም አለቀሰላቸው። እርሱ ግጥሙን ያለ ሙዚቃም ይናገራል፤ ከበሮው ቢቀር ምቱ ከቃሉ ውስጥ አይወጣም።

ባልንጀራው ማይክል ስሚዝ ግን በሀገሩ በፖለቲካ ስብሰባ ላይ ሚኒስትር ሲናገር ተቃውሞ ቢጮኽ፥ በማግሥቱ ነሐሴ 11 ቀን 1975 ዓ.ም. በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ከቅዱስ እስጢፋኖስ ጋር ማስተካከል አይገባም፤ ይሁን እንጂ ድንጋይ ያስነሣ ቃል ከንቱ ቃል አልነበረም።

በአማርኛ የተነገረውም፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በኒውዮርክ ለተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያሰሙት ንግግር ነው። ቦብ ማርሊ የእንግሊዝኛውን ትርጕም ከፊል ወስዶ፥ በ1968 ዓ.ም. በሬጌ ዜማ «ጦርነት» በሚል ስም አወጣው። ንግግሩ ግጥም አልነበረም፥ ቤትም አይመታም፤ ከበሮው ግን ቤት ሆነለት። ራስ ተፈሪያውያን ንጉሡን እንደ አምላክ መቍጠራቸውን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለችም፤ ነገር ግን አቡነ ይስሐቅን ወደ ጃማይካ ልካ ብዙዎችን አጥምቃለች፤ ማርሊም ተጠምቆ ነበርና ግንቦት 13 ቀን 1973 ዓ.ም. በሥርዐትዋ ተቀበረ።

ከበሮ የተሸከመው ቃል ግን የተናጋሪው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ያ ንግግር በተደረገ ጊዜ በሀዲያና በከምባታ ብዙ ገበሬ ጭሰኛ ነበረ፤ ካመረተው እህል ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። ጭሰኝነት የቀረው በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። ንጉሡም በዚያው ዓመት በነሐሴ ሞቱ፤ ሸክላው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሀቢቾ ሰው ዛሬ ያን ዘፈን ቢሰማ፥ ስለ አንጎላ፥ ስለ ሞዛምቢክና ስለ ደቡብ አፍሪካ የተባለውን፥ ስለ አባቱ ማሳ እንደ ተባለ አድርጎ መስማቱ አይቀርም።